ከተሰባሪ ሸክላ የተረፈ ድምፅ

ከሰው ሥራ ሁሉ ቶሎ የሚጠፋው ድምፁ ነው። ቤት የሠራ ሰው ቢሞት ግድግዳው ይቆማል፤ መጽሐፍ የጻፈም ቢሞት ብራናው ይነበባል፤ የዘመረ ወይም የዘፈነ ግን አፉን በዘጋ ጊዜ ሥራው ከርሱ ጋራ ይዘጋል። ከሰሚው ልብ በቀር ማደሪያ የለውም፤ ሰሚውም ሟች ነው። ስለዚህ ድምፅን ቀርጾና በሸክላ ላይ አትሞ የሚያኖር መሣሪያ በተገኘ ጊዜ ሰዎች መደነቃቸው የተገባ ነበር። ዳሩ ግን መሣሪያው ብቻውን ድምፅን አያድንም። ሸክላ ይሰበራል፤ ያልተሸጠውም ይጣላል፤ ድምፅን የሚያድነው ሸክላውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንተርክላቸው ያሰብነው፥ አንድ ድኻ ወጣት በግሉ ካከማቸው አሮጌ ሸክላ ውስጥ እየመረጠ ስላሰናዳው የአሜሪካ ሕዝብ ሙዚቃ መድበል ነው። መድበሉ በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ ታተመ፤ ዓመቶቹንም ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ሥራው በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ታሪክ ነጋሪ ዘፈኖችን፥ ሦስተኛው ልዩ ልዩ ዘፈኖችን የያዙ ስለ ሆኑ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዝነኞች ሆነዋል። ሁለተኛው ክፍል ግን ከሁለቱ ይልቅ ጥቂት ይወሳል። እኛ ወደዚሁ ልንመለስ ወደድን፤ የጭፈራውን ቤትና የጸሎቱን ቤት ባንድ ማኅደር ያኖረ ይህ ክፍል ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለማስተዋል ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። እስከ 1925 ድረስ ድምፅ የሚቀርጹ ኩባንያዎች ዘፋኙን በትልቅ ቀንድ መሳይ መለከት ፊት አቁመው እንዲጮኽ ያደርጉት ነበር። በዚያ ዓመት ገደማ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማይክሮፎን ወደ ሥራ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ ለስላሳው ድምፅና የጅማቱ ንዝረት ሳይቀር በሸክላው ላይ ይቀመጥ ጀመር። በዚሁ ዘመን ራዲዮ ስለ ተስፋፋ የሸክላ ነጋዴዎች አዲስ ገዢ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ መሣሪያቸውን ጭነው ወደ ደቡቡ አገር ወረዱ፤ በአትላንታ፥ በሜምፊስ፥ በዳላስ፥ በኒው ኦርሊንስ ጊዜያዊ መቅረጫ እያቆሙ ገበሬውን፥ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪውን፥ የፋብሪካ ሠራተኛውን፥ በመንገድ ዳር ጊታር እየመታ የሚለምነውን ዕውር፥ ሰባኪውንም ሳይቀር እየጠሩ አስዘመሩ። ራልፍ ፒር የተባለ ሰው ስለ ቪክተር ኩባንያ ሆኖ በ1927 በሐምሌና በነሐሴ ወር ብሪስቶል በምትባል የቴነሲ ከተማ በተቀመጠ ጊዜ፥ ኋላ ስማቸው የገነነው የካርተር ቤተ ሰብ ከቨርጂኒያ ተራራ ወርደው ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈኑት በፊቱ ነበር።

ኩባንያዎቹ ይህን ያደረጉት ለሕዝቡ ቅርስ ተቈርቍረው አይደለም፤ ሸክላ ለመሸጥ ነው። የዚያ ዘመን የአንድ ሸክላ ፊት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል፤ ዘፋኙም በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ፥ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ብር ባንድ ጊዜ ተቀብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። ከዚህም በላይ ነጋዴዎቹ መዝገባቸውን በሁለት ከፍለውት ነበር። የጥቁሮቹ ዘፈን በአንድ ዝርዝር፥ የነጮቹ ገበሬዎች ዘፈን በሌላ ዝርዝር ይጻፋል፤ ሻጩም ገዢውን በቆዳው እያየ ያቀርብለታል። ባንድ ከተማ፥ ባንድ ማይክሮፎን ፊት፥ ባንድ ሳምንት የዘመሩ ሰዎች በሱቅ መዝገብ ላይ እንደ ባዕድ ተለያዩ።

በ1929 የአሜሪካ ገንዘብ ገበያ ወደቀ። ዳቦ መግዛት የተሳነው ገበሬ ሸክላ ሊገዛ አይችልምና ንግዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄዶ በ1932 ገደማ ይህ ዐይነቱ ቀረጻ ለጥቂት ጊዜ የተቋረጠ ያህል ሆነ። ያልተሸጡት ሸክላዎች በየመጋዘኑ አቧራ ጠገቡ፤ የዘመሩባቸውም ሰዎች ተረሱ።

መድበሉን ያሰናዳው ሃሪ ስሚዝ በ1923 በኦሬገን ክፍለ ሀገር በፖርትላንድ ተወለደ፤ ያደገውም በሰሜን ምዕራብ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ነው። ገና ተማሪ ሳለ በአቅራቢያው ወደሚኖሩት ሉሚ ወደሚባሉት የአገሩ ጥንታውያን ነዋሪዎች እየሄደ ዜማቸውንና ሥርዐታቸውን ይቀርጽ፥ ቋንቋቸውንም ይጽፍ ነበር። በ1940 ገደማ ደግሞ የደቡብ ዘፋኞችን አሮጌ ሸክላ መሰብሰብ ጀመረ። ይህ ልማድ የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው ክፉ ጊዜ ሆነ። የዚያ ዘመን ሸክላ የሚሠራው ሼላክ በተባለ ሙጫ ነው፤ ሙጫውም በሕንድና በአካባቢዋ በሚገኝ ነፍሳት የሚወጣ ስለ ሆነ በባሕር ተጭኖ ይመጣል። ጦርነቱ አሜሪካን በደረሰ ጊዜ ሙጫው ለጦር መሣሪያ ሥራ ተፈለገ፤ መንግሥቱም በ1942 በሚያዝያ ወር ለዘፈን ሸክላ የሚውለው ሼላክ በመቶ 70 እጅ እንዲቀነስ አዘዘ። ከዚህ በኋላ ፋብሪካዎቹ አሮጌውን ሸክላ እየሰበሰቡ ፈጭተው አዲስ ያትሙበት ጀመር። የአንዱ ድምፅ ተፈጭቶ የሌላው ድምፅ ማተሚያ ጭቃ ሆነ።

እንግዲህ ስሚዝ ይሰበስብ የነበረው ከወፍጮው አፍ እየነጠቀ ነው ማለት ይቻላል። መጋዘናቸውን ባዶ ለማድረግ ከሚቸኵሉ ነጋዴዎች በርካሽ እየገዛ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር ሸክላ አከማቸ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰው ልጅ ልማድ የሚመረምረውን ትምህርት ጥቂት ተማረ፤ ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። በዚያ ገንዘብ አለቀበት። ሸክላዎቹንም ለመሸጥ ሞዝስ አሽ ወደ ተባለው አሳታሚ ሄደ።

አሽ በ1905 በዋርሶ የተወለደ፥ በይዲሽ ቋንቋ ልብ ወለድ ይጽፍ የነበረው የታወቀው ደራሲ የሾሌም አሽ ልጅ ነው። በ1948 ፎክዌይስ የሚባለውን አነስተኛ የሸክላ ማተሚያ ቤት አቋቋመ። ወጣቱ ይዞት የመጣውን ባየ ጊዜ ገዝቶ ከማስቀመጥ ይልቅ የተሻለ አሳብ አቀረበለት፤ ይኸውም ከክምሩ መርጦ መድበል እንዲያሰናዳ ነው። በዚያው በ1948 ለገበያ የወጣው ረዥሙ ሸክላ አንድ ፊቱ ከ20 ደቂቃ በላይ ስለሚይዝ ነገሩ የሚቻል ሆኖ ነበር። ስሚዝም ከ1926 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ከታተሙት ሸክላዎች 84 ዘፈኖችን መርጦ በስድስት ታላላቅ ሸክላ ላይ አኖራቸው። ይህን ሥራ በፈጸመ ጊዜ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንግባ። የሽፋኑ ቀለም ቀይ ነው፤ በስሚዝ አሳብ የእሳት ምልክት ነው። በውስጡ 29 ዜማዎች አሉ፤ ከነዚህም 14ቱ በመጀመሪያው ሸክላ ያሉት የጭፈራ፥ 15ቱ በሁለተኛው ሸክላ ያሉት የአምልኮ ናቸው። የክፍሉም ስም «የማኅበር ሙዚቃ» ይባላል። ስሙ ራሱ ምሥጢሩን ይፈታል፤ ሁለቱም ዐይነት ዜማ ሰው ተቀምጦ የሚያዳምጠው ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋራ ተነሥቶ የሚያደርገው ነውና።

በጭፈራው ሸክላ ላይ የሚበዛው ቫዮሊን ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ ኤክ ሮበርትሰን የቴክሳስ ሰው ነው፤ በ1922 ከጓደኛው ጋራ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ በቪክተር ኩባንያ ቤት በመጫወቱ፥ ከገጠር ቫዮሊን መቺዎች ሁሉ ድምፃቸው አስቀድሞ ከተቀረጸው መካከል ይቈጠራል። ሄንሪ ቶማስ የተባለው የቴክሳስ ጥቁር ዘፋኝ ደግሞ ጊታር እየመታ በአፉ ተደርድሮ የታሰረ የሸምበቆ ዋሽንት ይነፋል፤ ይህ መሣሪያ በዚያን ጊዜ እንኳ ከአገሩ እየጠፋ ነበርና በሸክላ ላይ መቅረቱ ትልቅ ዕድል ነው። ከሉዊዚያና ደግሞ በ1755 እንግሊዞች ከካናዳ ጠረፍ ያሰደዷቸው የፈረንሳዮች ዘሮች በራሳቸው ቋንቋ ይዘፍናሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አኮርዲዮን የሚጫወተው ጆሴፍ ፋልከን በ1928 የወገኑን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው። ከጆርጂያም አንድሩ ባክስተርና ልጁ ጂም፥ አባት በቫዮሊን ልጅ በጊታር፥ ይሰማሉ። እነዚህ ጥቁሮች ናቸው። ሆኖም በ1927 አባትየው የጎረቤቶቹ የነጮች ጓድ ባስቀረጸው ዜማ ላይ አብሮ መትቷል። ሕጉ ባቡርና ትምህርት ቤት በለየበት አገር ቫዮሊኑ ድንበሩን ተሻግሮ ነበር።

ሁለተኛው ሸክላ በስብከት ይከፈታል። ሰባኪው ቄስ ጌትስ በአትላንታ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እረኛ ነበሩ። ከ1926 እስከ 1941 ድረስ ከ200 የሚበልጥ ስብከትና መዝሙር በሸክላ አስቀርጸው በ1945 ዐረፉ። በዚህ መድበል ሁለት ሥራቸው አለ፤ አንዱ ስለ ዳግም ልደት፥ ሁለተኛው ስለ ሞት መውጊያ ነው። ቃላቸው ከንግግር ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ዜማ ያድጋል፤ ምእመናኑም ይቀበሏቸዋል፤ ስብከቱ የት አልቆ መዝሙሩ የት እንደ ጀመረ ለመለየት ያስቸግራል።

ከርሳቸው ቀጥሎ የአላባማ ነጮች ዘማሪዎች በ1928 ያስቀረጹት ይሰማል። የሚዘምሩበት መጽሐፍ «ቅዱስ በገና» ይባላል፤ ቤንጃሚን ዋይትና ኤልሻ ኪንግ በ1844 ያሳተሙት ነው። በእኛ ዘንድ የድጓው ምልክት በፊደል እንደሚጻፍ፥ የእነርሱም ምልክት ላልተማረ ሰው ቀሎ እንዲታይ በቅርፅ የተለየ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ፋ፥ ክቡ ሶል፥ አራት ማዕዘኑ ላ፥ እንደ አልማዝ የሾለው ሚ ይባላል። ዘማሪዎቹ በአራት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠው መሪው በመካከላቸው ይቆማል፤ አስቀድመው የምልክቶቹን ስም፥ ከዚያ በኋላ የመዝሙሩን ቃል ያዜማሉ። በገና የሚል ስም ቢኖረውም መሣሪያ የሚባል የለበትም፤ ተመልካችም የለበትም፤ የመጣው ሁሉ ዘማሪ ነው።

ከዚህ ወዲያ የሚሰሙት የቅድስና ማኅበር የሚባሉት ምእመናን ናቸው። እነዚህ በጊታር፥ በከበሮ፥ በመለከት፥ በጭብጨባም እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፤ የጨዋ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ስለዚህ ይንቋቸው ነበር። ስሚዝ ግን ከሜምፊስና ከቺካጎ ጥቁሮች አጠገብ ኤርነስት ፊፕስ የተባለውን የኬንታኪ ነጭና ጓደኞቹን አቆማቸው። ዐይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው የትኞቹ ነጮች፥ የትኞቹ ጥቁሮች እንደ ሆኑ ለመናገር ይቸገራል። ባስኮም ላማር ለንስፎርድ የተባለው የሰሜን ካሮላይና ጠበቃም ነቢዩ ሕዝቅኤል ስላያቸው የደረቁ አጥንቶች በባንጆ ይዘምራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካው የዕውሩ የዊሊ ጆንሰን መዝሙር ነው። ይህ ሰው በ1897 በቴክሳስ ተወልዶ በሕፃንነቱ ዐይኑ ጠፋ፤ በመንገድ ዳር እየዘመረ ኖረ፤ ከ1927 እስከ 1930 ለኮሎምቢያ ኩባንያ 30 መዝሙር አስቀረጸ። በመጨረሻው ቀረጻ በአትላንታ በ1930 ስለ ዮሐንስ አቡቀለምሲስና በሰባት ማኅተም ስለ ታተመው መጽሐፍ የዘመረው በዚህ መድበል ይገኛል። እርሱ በጐርናና ድምፅ ይጠይቃል፤ ዊሊ ሃሪስ የተባለች ሴት በለዘበ ድምፅ ትመልስለታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ዳግመኛ አልተቀረጸም። በ1945 ቤቱ ተቃጥሎበት በፍርስራሹ ላይ ሲያድር ታሞ ሞተ። መድበሉ በታተመ ጊዜ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

ከመድበሉ ጋራ ስሚዝ አንድ መጽሔት አሳተመ። በውስጡም የየዘፈኑን ቍጥር፥ የዘፋኙን ስም፥ የተቀረጸበትን ቀን፥ የጥንቱን ሸክላ መለያ በጥንቃቄ ጻፈ፤ የታሪኩንም ፍሬ ነገር እንደ ጋዜጣ አርእስት አሳጥሮ አኖረ። አንድ ነገር ግን ሆን ብሎ ተወ። ዘፋኙ ነጭ ይሁን ጥቁር አልጻፈም። ይህን ያደረገው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ልጆችን በቀለም መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከመፍረዱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ነጋዴው ለገበያ ብሎ የለየውን ሰብሳቢው ባለመናገር ብቻ አንድ አደረገው። ሰሚዎችም ለብዙ ጊዜ ጥቁሩን ነጭ፥ ነጩን ጥቁር እያሉ ተሳሳቱ፤ ከዚህም ስሕተታቸው የቀረጻ መዝገብ ያላስተማራቸውን ተማሩ።

በሽፋኑም ላይ ያኖረው ሥዕል የሚታሰብ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮበርት ፍለድ የተባለው እንግሊዛዊ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፥ ከምድር እስከ ሰማይ የተዘረጋች አንዲት ጅማት ያላት መሣሪያ ተሥላበታለች፤ ከደመናም የእግዚአብሔር እጅ ወጥቶ ጅማቷን ይቃኛል። በ1960ዎቹ አሳታሚዎቹ ይህን አንሥተው በምትኩ የአንድ ችግረኛ ገበሬ ፎቶግራፍ አደረጉ። የድኻውን ኑሮ ማሳየታቸው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ ይናገር የነበረው የዘፋኞቹን ድኽነት ሳይሆን ክብራቸውን ነው። በ1997 እንደ ገና ሲታተም የቀደመው ሥዕል ተመለሰ።

የመድበሉ ፍሬ ከጥቂት ዓመት በኋላ ታየ። በኒው ዮርክና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ወጣቶች አጠኑት፤ ዘፈኖቹንም ተማሩ። አንዳንዶቹም ዘፋኞቹ ምናልባት በሕይወት ይኖሩ ይሆናል ብለው ሊፈልጓቸው ወጡ። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ክፍል ድምፁ የሚሰማው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ባስቀረጸው ዘፈን ውስጥ አቫሎን የምትባለውን መንደሩን ጠርቶ ነበር፤ ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ይህን ብቻ ምልክት አድርጎ በ1963 ቢሄድ ሽማግሌውን እዚያው አገኘው። ኸርት 35 ዓመት ሙሉ በእርሻ ሥራ ሲደክም ኖሯል። ከዚያም በታላላቅ ጉባኤ ፊት ዘፍኖ፥ ሦስት ዓመት ያህል ተከብሮ፥ በ1966 ዐረፈ። እንደ ሙት ሲነገርለት የነበረው ሰው በሕይወት ተገኘ፤ ለዊሊ ጆንሰን ግን ፈላጊው ዘግይቶበታል።

ስለ ፍትሕ ነገርም ዝም ማለት አይገባም። አሽ መድበሉን ሲያትም የጥንቶቹን ኩባንያዎች አላስፈቀደም፤ እነርሱ ማተም የተውትን ሕዝብ ሊሰማው ይገባል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የፌዴራል የባለቤትነት ሕግ የተቀረጸ ድምፅን አይጠብቅም ነበር፤ ይህ ጥበቃ የተጨመረው በ1972 ነው። ስለዚህ ኩባንያው በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብር ከፈለ፤ መድበሉም ዝናቸውን መለሰላቸው፤ ከሽያጩ ፍሬ ግን ለብዙዎቹ ዘፋኞች ወይም ለልጆቻቸው የደረሰ የለም ማለት ይቻላል። ማዳንና መውሰድ ባንድ እጅ ተሠሩ። የስሚዝን ሥራ የምናመሰግን ሰዎች ይህንንም አብረን መናገር ይገባናል፤ አለዚያ ምስጋናችን ከፊሉ ሐሰት ይሆናል።

ሰብሳቢውም ቢሆን ከሥራው ሀብት አላገኘም። ቀሪ ዘመኑን ፊልም በመሥራት፥ የፋሲካ ዕንቍላል ጌጥና የወረቀት አውሮፕላን ሳይቀር በመሰብሰብ፥ በድኽነትና በመጠጥ አሳለፈው፤ ከገዛ ሥራውም ብዙውን በቍጣ አጠፋ። በ1991 የአሜሪካ የሙዚቃ ጉባኤ ስለዚህ መድበል የክብር ሽልማት ሰጠው። በዚያም ላይ ቆሞ፥ አሜሪካ በሙዚቃ ስትለወጥ ለማየት መብቃቱ ደስታው እንደ ሆነ ተናገረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በኒው ዮርክ በቼልሲ ሆቴል ሞተ። አሽ ከርሱ አስቀድሞ በ1986 ሞቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መዘክር ስሚዝሶኒያን ማተሚያ ቤቱን ሲወስድ፥ ከ2000 የሚበልጡት ሸክላዎች ቢሸጡም ባይሸጡም ሁልጊዜ ለፈላጊ እንዲገኙ ቃል ገባ። በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት መድበሉን ለትውልድ ተጠብቀው ከሚኖሩት የድምፅ ቅርሶች መዝገብ ጨመረው።

የዕውሩ የዊሊ ጆንሰን ነገር ግን ከዚህም አልፏል። በ1977 ቮያጀር የተባሉት ሁለት መንኰራኵሮች ወደ ጠፈር ሲላኩ፥ በላያቸው የምድርን ድምፅ የያዘ በወርቅ የተለበጠ ሸክላ ተጭኖ ነበር፤ በዚያም ላይ ይህ ሰው በ1927 ቃል የሌለው ዜማ እያንጐራጐረ ያስቀረጸው አለ። ከመንኰራኵሮቹ አንዱ በ2012 ከፀሐይ ነፋስ ክልል ወጥቶ አሁንም ይጓዛል። በምድር ላይ ማደሪያ ቤት ያጣ ሰው ድምፁ ከከዋክብት መካከል መንገድ ያዘ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥበበኛ የሚባል አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ገበሬው ዘፈነ፤ ነጋዴው ለትርፉ ቀረጸ፤ አንድ ወጣት ከወፍጮ አፍ ነጠቀ፤ አንድ ስደተኛ አተመ። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል የአትላንታው ሰባኪና የአላባማ ገበሬዎች ዛሬ ባልተሰሙም ነበር። በየቤታችን ጥግ፥ በየሣጥኑ ሥር የተጣለ የሸክላም ሆነ የክር ቅጂ ያለን ሰዎች፥ ወደ ጕድፍ ከመጣላችን በፊት ማን እንደ ዘመረበት እንጠይቅ፤ ስሙንም በላዩ እንጻፍበት። ባለቤቱ በሕይወት ካለም ሄደን ድምፁ እንዳልጠፋ እንንገረው።